የታመቀ አየርና የነዳጅ ፖምፓ

ሱፐርቻርጀር ወደ ሲሊንደር የሚገባውን አየር አምቆ የሚያበዛ መሣሪያ ነው፤ የሚሽከረከረውም በራሱ በሞተሩ ጉልበት፣ በቺንጋ ወይም በጥርስ ነው። አየር ብቻውን ግን ጉልበት አይሆንም። አንድ ኪሎ ቤንዚን በወጉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ አየሩ ሲጨምር ነዳጁም አብሮ መጨመር አለበት። እንዲያውም በታመቀ አየር የሚሠራ ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሮጥ፣ ሙቀቱን ለማብረድ ሲባል ለአንድ እጅ ቤንዚን 12 እጅ ገደማ አየር ብቻ ይሰጠዋል። ነዳጁ ካነሰ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ቶሎ ካልተቆመም ፒስተኑ ይበሳል። በሱፐርቻርጀር ታሪክ ውስጥ የሚወደሰው አየር መጭመቂያው ነው፤ ከሞተሩ ስንት የፈረስ ጉልበት ይወጣል የሚለውን ሲወስን የኖረው ግን ብዙውን ጊዜ ፖምፓው ነው።

መጀመሪያ ላይ የነዳጅ ፖምፓ የሚባል ነገር አልነበረም። ከ1908 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. የተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ ታንኩ በአብዛኛው ከመቀመጫው ሥር ነበር፤ ቤንዚኑም በራሱ ክብደት አየርና ነዳጅ ወደሚደባልቀው ካርቡሬተር ይወርድ ነበር። ታንኩ ሲጎድል ቀጥ ያለ አቀበት የገጠመው ሹፌር መኪናውን አዙሮ በኋላ ማርሽ ይወጣ ነበር፤ አለበለዚያ ነዳጁ ሞተሩ ጋ አይደርስም። የውድድር መኪኖች ደግሞ በእጅ በሚሠራ ፖምፓ ታንኩ ውስጥ አየር ይነፉ ነበር፤ ይህም ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጠው መካኒክ ሥራ ነበር። ሞተሩ የሚያንቀሳቅሰው፣ ዲያፍራም ያለው ፖምፓ የተስፋፋው በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው።

ሱፐርቻርጀር ከዚህ ቀድሞ ደርሷል። ፊላንደርና ፍራንሲስ ሩትስ የተባሉ አሜሪካዊ ወንድማማቾች በ1860 በስማቸው የሚጠራውን የአየር መንፊያ የባለቤትነት መብት አስመዝግበው ነበር። መርሰዲስ በ1921 በርሊን በተካሄደው የመኪና ትርኢት ላይ ሱፐርቻርጀር የተገጠመላቸውን መኪኖች ለገበያ አቀረበ። በ1923 ፊያት 805 በሞንዛ የጣሊያንን ግራን ፕሪ ሲያሸንፍ፣ በታመቀ አየር በሚሠራ ሞተር የተገኘ የመጀመሪያው የግራን ፕሪ ድል ሆነ። በማግስቱ ዓመት ዱዘንበርግ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ይህንኑ ደገመው።

የነዳጁ ጥያቄ የተነሳው ያን ጊዜ ነው፤ መሐንዲሶቹም በሁለት ጎራ ተከፈሉ። መርሰዲስ መጭመቂያውን ከካርቡሬተሩ በፊት አስቀመጠው። ሹፌሩ የነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ሲረግጥ መጭመቂያው ይያያዝና የታመቀ አየር በካርቡሬተሩ ውስጥ ይነፋል። በዚህ አሠራር ነዳጁ የሚገባው ግፊት ወዳለበት ክፍል ስለሆነ፣ የራሱ ግፊት ከአየሩ ካልበለጠ ወደፊት አይሄድም። ሌላው ጎራ መጭመቂያውን ከካርቡሬተሩ በኋላ አደረገ፤ አየሩና ቤንዚኑ ተደባልቀው በመጭመቂያው ይሳባሉ። የእሽቅድምድም ሹፌሩ ቲም በርኪን ያስፋፋውና አምኸርስት ቪሊየርስ የነደፈው መጭመቂያ የተገጠመለት የ1929ኙ ቤንትሊ እንዲህ ነበር የሚሠራው። ጉልበቱ ከ110 ወደ 175 የፈረስ ጉልበት፣ በውድድር መኪኖቹ ላይ ደግሞ ወደ 240 ከፍ ብሏል። ካርቡሬተሩ ላይ የታመቀ አየር ስለማይደርስ ፖምፓው ግፊት አያስጨንቀውም፤ መጠን ብቻ ማድረስ ይበቃዋል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ከመጭመቂያው እስከ ሲሊንደሩ ያለው ቱቦ በሙሉ ሊፈነዳ በሚችል ድብልቅ ይሞላል። የኩባንያው መሥራች ደብሊው ኦ ቤንትሊ ከመጀመሪያውም ሐሳቡን አልወደደውም ነበር፤ በ1930 በፈረንሳዩ የለ ማን ውድድር ላይ ሱፐርቻርጀር የተገጠመላቸው ቤንትሊዎች አቋርጠው ሲወጡ ያሸነፈው ያለ መጭመቂያ የሚሠራው ስፒድ ሲክስ ነው።

የነዳጅ ጥሙ ጣራ የነካው በግራን ፕሪ መኪኖች ላይ ነው። ሞተሮቹ እንዳይግሉ ከሜታኖል የተቀመመ ነዳጅ ይሰጣቸው ነበር፤ ሜታኖል ደግሞ ለተመሳሳይ አየር ከቤንዚን እጥፍ በላይ ይፈልጋል። ከ1.5 ሊትር ሞተር ከ400 በላይ የፈረስ ጉልበት ያወጣ የነበረው የ1951ዱ አልፋ ሮሜዮ 159፣ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ150 ሊትር በላይ ይጨርስ ነበር። በዚያው ዓመት ሲልቨርስቶን ላይ መጭመቂያ የሌለው ባለ 4.5 ሊትሩ ፌራሪ አሸነፈው።

በ1957 ስቱድቤከር ጎልደን ሆክና ፎርድ ተንደርበርድ የማክሎክን ሱፐርቻርጀር ይዘው ወደ አሜሪካ ገበያ ሲመጡ፣ አሠራሩ እንደ መርሰዲስ በካርቡሬተር ውስጥ የሚነፋ ነበር። የዘመኑ ዲያፍራም ፖምፓ የሚሰጠው ግፊት 5 ፒ ኤስ አይ ገደማ ነው፤ መጭመቂያውም አየሩን ወደዚያው ያደርሰዋል። ሁለቱ እኩል ሲገፋፉ ነዳጁ ይቆማል፤ ያውም ሹፌሩ ሙሉ ጉልበት በሚፈልግበት ሰዓት። ለዚህ የተገኘው መላ በዘርፉ ከታዩት ብልሃቶች ሁሉ የላቀ ሊባል ይችላል፦ ከታመቀው አየር ቀጭን ቱቦ ተስቦ ከፖምፓው ዲያፍራም ጀርባ ይገባል። አየሩ በጨመረ ቁጥር ዲያፍራሙን ከኋላ ስለሚያግዘው፣ የነዳጁ ግፊት ሁልጊዜ ከአየሩ በ5 ፒ ኤስ አይ ይበልጣል። ተጨማሪ ሞተርም ኤሌክትሪክም አላስፈለገም።

ቦሽ በ1967 ዲ-ጄትሮኒክን ካወጣ በኋላ በካርቡሬተር ፈንታ ነዳጅ የሚረጭ ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክተርና ከፍ ያለ ግፊት ያለው የኤሌክትሪክ ፖምፓ አብረው ተስፋፉ። ፖምፓ መቀየር ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው ግን በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ፣ በፎርድ ማስታንግ 5.0 ዙሪያ ነው። መኪናው 225 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ፋብሪካው የገጠመው ፖምፓ በሰዓት 88 ሊትር ይሰጣል፤ ግፊቱ 39 ፒ ኤስ አይ ነው። ቮርቴክና ፓክስተን የሚሸጡትን ሱፐርቻርጀር ቅዳሜና እሁድ ጋራዡ ውስጥ የሚገጥም ሰው በአንድ ጊዜ ይህን ልክ ያልፋል። ኢንጀክተር ከመቀየር ይልቅ የተመረጠው ርካሽ መንገድ፣ አየሩ ሲታመቅ የነዳጁን ግፊት በብዙ እጥፍ የሚያሳድግ መቆጣጠሪያ መግጠም ነበር። ይህ መንገድ ሁለት ጉድለት ነበረበት። ከኢንጀክተር የሚወጣውን ነዳጅ እጥፍ ለማድረግ ግፊቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ደግሞ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር የሚሰጠው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ ነዳጅ በተፈለገበት ሰዓት የፋብሪካው ፖምፓ ይደክም ነበር።

መፍትሔው በመስመሩ ላይ ሁለተኛ ፖምፓ መጨመር ወይም በታንኩ ውስጥ ያለውን አውርዶ በትልቅ መተካት ሆነ። ካርቡሬተር ይሠራ የነበረው የሚሺጋኑ ዋልብሮ ያወጣው በሰዓት 255 ሊትር የሚሰጥ ፖምፓ በመካኒኮች ዘንድ እንደ መለኪያ ይቆጠር ጀመር። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 500 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ በታመቀ አየር የሚሠራ ሞተር በሰዓት 185 ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ ቀሪው ለግፊት መጨመርና ለመጠባበቂያ ነው። ልምድ ሌላም አስተማረ። ፖምፓው ቢቀየርም የፋብሪካው ቀጭን ሽቦ በቂ ኤሌክትሪክ ስለማያደርስ፣ ከባትሪው ወፍራም ሽቦ በሪሌ በኩል መሳብ የሥራው አካል ሆነ። ኬን ቤል ደግሞ ፖምፓውን ሳይነካ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ ሸጠ። ከልክ ያለፈ ፖምፓም ነቀፌታ አላጣም፤ የተረፈው ነዳጅ በመመለሻው ቱቦ ማለፍ ሲያቅተው ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ግፊቱ ይጨምራል፣ ታንኩም ይሞቃል።

ፋብሪካዎቹ ከጋራዦቹ ተምረዋል ማለት ይቻላል። ማስታንግ በ1999 መመለሻ ቱቦውን ትቶ የፖምፓውን ፍጥነት በኮምፒውተር መቆጣጠር ጀመረ፤ በ2003 የወጣው ባለ 390 የፈረስ ጉልበት ኮብራ፣ በ2007ም ባለ 500ው ሼልቢ ጂቲ 500 በታንካቸው ውስጥ ሁለት ሁለት ፖምፓ ይዘው ከፋብሪካ ወጡ። ነዳጅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭበት አሠራር ሲመጣ ደግሞ ጭነቱ በካምሻፍት ወደሚነዳው ከፍተኛ ግፊት ያለው ፖምፓ ዞረ። 755 የፈረስ ጉልበት ያለው የ2019 ሞዴሉ ኮርቬት ዜድ አር 1 ላይ ጄኔራል ሞተርስ በቀጥታ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ብቻ አላመነም፤ ከአየር መግቢያው ላይ ተጨማሪ ስምንት ኢንጀክተሮች ገጠመ።