1187 ቀናት፦ ዳሞት የደረሰው መልስ

በ1996 ዓ.ም. የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ሳለሁ አንድ የማይረባ የሚመስል ልማድ ነበረኝ። የኮምፒውተር ክፍሉ እንደተከፈተ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ባሕር ማዶ ወዳለ አንድ ሰርቨር «ፒንግ» እልክና ምላሹ የፈጀውን ጊዜ በደብተሬ እመዘግባለሁ። 640፣ 710፣ 655 ሚሊሰከንድ። አንዳንዴ ምንም አይመለስም፤ የጥበቃው ጊዜ ማለፉን የሚናገር መስመር ብቻ ይወጣል። ጓደኞቼ «የሌላ አገር ኮምፒውተር ሰላም ማደሩን ጠየቅህ?» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር። ከእውነቱ አልራቁም። ፒንግ ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ በ1983 እ.ኤ.አ. በአንድ ምሽት የጻፋት ትንሽ ፕሮግራም ናት። ስሟ የተወሰደው ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ድምፅ ልኮ ገደል ማሚቶውን ከሚያዳምጥበት መሣሪያ ነው። «አለህ?» ብሎ መጠየቅ፣ «አለሁ» እስኪባል ድረስ ጊዜ መቁጠር፤ ሥራዋ ይኸው ነው።

ያ ሁሉ መዘግየት ከየት ይመጣ ነበር? የዚያን ጊዜው ኢንተርኔታችን በአመዛኙ በሳተላይት ይመላለስ ነበር። ሳተላይቷ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቃ ትቆማለች። ጥያቄው ወጥቶ ይወርዳል፤ መልሱም እንዲሁ። አራት ጊዜ መንገድ ማለት ነው፤ ለብርሃን እንኳ 480 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ 640 ካየሁ፣ 480ው የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ማንንም አልከስበትም። የተቀረው 160 ግን የሰውና የሰው ሠራሽ ነገር ነው፤ የወረፋ፣ የጠበበ መስመር፣ የሰነፈ መሣሪያ። መምህር ከሆንሁ ወዲህ ተማሪዎቼን ደጋግሜ የማስተምረው ይህንኑ መቀነስ ነው። መጀመሪያ የመንገዱን ዋጋ አውጡ፤ ከዚያ ትርፉን ተመልከቱ።

ይህን ስሌት ከኮምፒውተር አውጥቼ ታሪክ ላይ የሞከርሁት ግን ዘግይቼ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ነገር ማንም የተማረ ሰው የሚያውቀው ነው፤ ቀኖቹን ደርድሮ የደመረ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። (የዚህን ታሪክ ቀኖች በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ንጉሠ ነገሥቱ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ኦክቶበር 29 ቀን 1862 የሚል ቀን አለው። ወደ ሎንዶን መልእክተኛ ለመላክ ፈልገው ነበር፤ ጉዳዩን ለእንግሊዙ ቆንስል ለካሜሩን አደራ ሰጡ። በቀይ ባሕር የተዘረጋው የቴሌግራፍ ኬብል ገና በ1860 ሞቶ ነበርና ወረቀቱ በእግረኛና በመርከብ መጓዝ ነበረበት። ሎንዶን የደረሰው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1863 ነው፤ በ106 ቀን። ለዚያ ዘመን የሚያስወቅስ ፍጥነት አይደለም።

ከዚያ ዝም። ደብዳቤው ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀመጠ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ከሎንዶን ለካሜሩን የመጣው ፖስታ ውስጥ ለንጉሠ ነገሥቱ አንዲት መስመር እንኳ አልነበረችም። በጃንዋሪ 1864 ካሜሩን እግር ብረት ገባ። የንግሥቲቱ መልስ የተጻፈበት ቀን ሜይ 26 ቀን 1864 ነው። ከደረሰበት ቀን ስንቆጥር 469 ቀን! መርከብ አልሰጠመም፣ መንገድ አልተዘጋም፣ ወረቀትም አልጠፋም። መልስ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ ነበር። መንግሥታት ርቀትን ሰበብ ማድረግ ይወዳሉ፤ ይህ 469 ቀን ግን ባንድ ሕንፃ ውስጥ ያለፈ ነው።

ለእውነት ስንል የራሳችንንም ወገን እንቁጠር። መልሱን የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም ምጽዋ የደረሰው በጁላይ 1864 ነበር። የመግቢያ ፈቃድ ለመነ፤ ደግሞ ጻፈ፤ ደግሞ ጻፈ። ንጉሠ ነገሥቱም በተራቸው ዓመት ያህል ዝም አሉት። የተናቀ ሰው ዝምታን በዝምታ ቢመልስ አይገርመኝም፤ እስረኞቹ ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ ነበሩ። ራሳም በኦክቶበር 1865 ከምጽዋ ተነሥቶ በከሰላና በመተማ ዞሮ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1866 ከዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ቀረበ። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ጊዜ ሠራዊታቸውን ይዘው ዳሞት ነበሩ፤ ጎጃም ውስጥ፣ የዛሬዎቹ ቡሬና ፍኖተ ሰላም በሚገኙበት አገር። እኔ የተወለድሁበት ነው። የትምህርት ቤት ታሪካችን መቅደላን አጥብቆ አስተምሮናል፤ መልሱ እደጃችን መድረሱን የነገረን መምህር ግን አላስታውስም።

ድምሩ 1187 ቀን ነው። የመሄጃውን 106 ቀን ለመመለሻም ብንሰጠው መንገዱ 212 ቀን ይሆናል። 975 ቀን ትርፍ ነው። መልሱ ሲደርስም ነገሩ ከመልስ አልፎ ነበር፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ራሳም ራሱ ታሰረ፤ ኤፕሪል 13 ቀን 1868 መቅደላ ወደቀች። ያን ሁሉ ደም በአንድ ያልተጻፈ ደብዳቤ ላይ ብቻ የሚጭን ታሪክ ጸሐፊ አላምንም፤ አገር ውስጥ ዐመፁ ንጉሠ ነገሥቱን ቀድሞ አዳክሟቸው ነበር። ይሁንና ያ 975 ቀን ባይኖር እስረኛ ባልኖረ፤ እስረኛ ባይኖር ጄኔራል ናፒየር ዙላ ላይ የሚወርድበት ምክንያት አልነበረውም።

ዛሬ ከአገር የሚወጣው መስመር በአብዛኛው ፋይበር ነው። ፋይበር ውስጥ 1000 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም 400 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የመንገዱ ዋጋ 4 ሚሊሰከንድ ነው።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በከተሞች መመለስ የጀመረው ዓመት ሊሞላው ሲል በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ነዋሪዎች የአየር ጥቃት ያሉት ፍንዳታ ደረሰ፤ አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን ለዜና አውታሮች ተናገረ። አክስቴ የምትኖረው እዚያው ከተማ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጬ መልእክት እልካለሁ፤ እንዳልደረሰ የምታሳየው አንዲት ምልክት አትለወጥም። ስልክም አይገባም። እንደ ተማሪነቴ ጊዜ ደብተር አውጥቼ የሞከርሁበትን ሰዓት መመዝገብ ጀመርሁ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደወለልኝ፤ ከቡሬ የተላከ ወረቀት ይዟል። መርካቶ ድረስ ሄጄ ተቀበልሁት። የአክስቴ ልጅ ጽሕፈት ነው፤ ደኅና ናቸው፣ ጎረቤታቸው ግን አርፏል። ከላይ ነሐሴ 9 ይላል። እኔ የተቀበልሁት ነሐሴ 20 ነው። 11 ቀን።