ሞተሩ ሳይነሣ

እስቲ ስሙኝማ። በጉራጌ፣ የጉንችሬ አገር ሰው በሽተኛ ማጓጓዝን ከመኪና አልተማረም። በእነሞር መንደሮች ምጥ የጠናባትን ሴት ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው በእንሰቱ መሐል ሲያወርዱ ኖረዋል። የዛለው ይወጣል፣ ጉልበት ያለው ይተካል። ታዲያ የቃሬዛውን ጠፍር ሳያጠብቅ የሚነሣ አልነበረም።

ከዚያ በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች ድርጅት አቁመው፣ ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ አስወጡ። ቆይቶም አምቡላንስ መጣ፤ በ907 የሚጠራው የቀይ መስቀል፣ መንግሥትም ለየወረዳው ያደለው። ቃሬዛው ጎማ ላይ ወጣ፤ ጠፍር የማጥበቁ ነገር ግን ተረሳ።

አሁን አንዲት እናት እናስብ፤ ስም አንሰጣትም። ጉንችሬ ላይ ወልዳለች፣ ደሙ አልቆም ብሏል። ሪፈር ተጻፈ። ዘመድ “ኧረ ቶሎ በሉ!” ይላል፣ ሾፌሩ ቁልፉን አዙሯል። አዋላጇ ግን “ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሠኝ” ትለዋለች።

የምትሠራውን እዩልኝ። ሁለት ወፋፍራም ካኑላ ደም ሥሯ ውስጥ አስገብታ በፕላስተር ደጋግማ ታሽጋለች፤ ኮረኮንች ላይ የተነቀለ ካኑላ በጨለማ መኪና ውስጥ በዋዛ አይመለስም። ኦክሲቶሲኑን ታያይዛለች፣ ማህፀኗን ታሻለች፣ ብርድ ልብስ ትደርባለች፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደም መርጋት ያስቸግረዋል። ቀጥላ የኦክስጅኑን ጌጅ ታነባለች። ባለ10 ሊትር ሲሊንደር 150 ባር ካሳየ 1500 ሊትር ያህል ይዟል፤ በደቂቃ 5 ሊትር ቢሰጥ 5 ሰዓት ይቆያል። 30 ባር ካለ ግን ያለው የ1 ሰዓት ነው። ጎማ ቢፈነዳስ? ስለዚህ ለመንገዱ ከሚበቃው እጥፍ ትይዛለች። በመጨረሻ ለተቀባዩ ሆስፒታል ላይዘን (የሪፈር አገናኝ) ትደውላለች፦ “የደም ዓይነቷ ይኸው፣ አዘጋጁልን።” ሳይረኑ ከዚህ በኋላ ይጩህ፤ ሳይረን ደም አያቆምም።

ደርሰውም አላበቃም። ከድንገተኛ ክፍል እስከ ኦፕሬሽን ያለችው ኮሪደር ታታልላለች። “ቅርብ ነው” ተብሎ ኦክስጅኑ ይነቀላል፣ የሽንት ከረጢቱ ከስትሬቸሩ ጎማ ጋር ይጠላለፋል፣ ግፊቷን የሚለካ አይኖርም። ሐኪም ቤት ውስጥ ያለ ጉዞም ጉዞ ነው።

ወልቂጤ አቅራቢያ ያለው አጣጥ ሆስፒታል፣ የካቶሊክ ሲስተሮች እ.ኤ.አ. በ1969 የከፈቱት፣ ሌላ መላ ዘየደ፦ ስጋት ያለባት ነፍሰ ጡር ምጧ ሳይመጣ መጥታ ግቢው ውስጥ ባለ ማቆያ ትቆይ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ያለው መዝገብ ተመርምሮ፣ በማቆያው በኩል ከገቡት 6,805 እናቶች የሞቱት በሕይወት በተወለዱ 100,000 ሕፃናት ወደ 90፣ በቀጥታ ከመጡት ደግሞ ከ1,300 በላይ ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ነው አልልም፤ በቀጥታ ከመጡት ውስጥ ነገሩ ከከፋ በኋላ የተጫኑም አሉበት። ቢሆንም በደህና ጊዜ የተጓዘ ሲሊንደር አይቆጥርም።

አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ያቺ አዋላጅ በሽተኛዋን አስረክባ እስክትመለስ ጉንችሬ አንድ አዋላጅ ጎድሎበታል። በዚያ ሌሊት ሁለተኛ ምጥ ቢመጣስ? ተረኛ ሲመደብ አብሮ የሚጓዘውም፣ የሚተካውም ስም ቀድሞ ይጻፍ እላለሁ።