ከሳሎን እስከ ሰርቪስ፦ ጌታና አሽከር በአማርኛ ኮሜዲ

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚያቀናው ሰው አምስት ኪሎ ላይ የሚያያቸው የቀድሞ ዘመን ቪላዎች የተሠሩበትን ሥርዓት በአሠራራቸው ይናገራሉ። ከፊት ሰፊ በረንዳና ሳሎን፣ ከኋላ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው «ሰርቪስ» የሚላቸው ጠባብ ክፍሎች ተደርድረዋል። ሳሎኑ የጌታውና የእመቤቲቱ፣ ሰርቪሱ የወጥ ቤቷ፣ የእንጀራ ጋጋሪዋ፣ የሞግዚቷና የዘበኛው ነበር። በመካከል ያለው ግቢ በጥቂት እርምጃ ያልቃል፤ የአማርኛ ኮሜዲ ብዙውን ሳቁን የቀዳው ግን ከዚሁ ግቢ ነው። ማን በማን ይስቃል የሚለው ጥያቄ በየዘመኑ የተለያየ መልስ አግኝቷል።

በባላባቱ ሥርዓት መንግሥት ራሱ እንደ አንድ ትልቅ ቤት ይታሰብ ነበር። እልፍኝ አስከልካይ፣ አጋፋሪ፣ ብላቴን ጌታ የሚባሉት ማዕረጎች ሁሉ መነሻቸው የቤት ውስጥ አገልግሎት ነው። «አሽከር» መባልም ብቻውን ውርደት አልነበረም፤ መኳንንቱም ከበላያቸው ላለው አሽከር ነበሩና። ውርደቱ የወረደው ውኃ በምትቀዳው፣ እህል በምትፈጨውና እንጨት በምትሸከመው ላይ ነው። የባሪያ ንግድንና ባርነትን ለማስቀረት የ1916 ዓ.ም. አዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። ሆኖም ነጻ የወጣው ሰው መሬት አልተሰጠውም። ስለዚህ ብዙዎች ትናንት ባሪያ ሆነው በገቡበት ማድ ቤት ዛሬ «ገረድ» ተብለው ቀሩ። የቃሉ ክብደት ከዚህ የመጣ ነው።

የጓዳ ሰዎች ለምን እርስ በርስ ይጣላሉ? መልሱ ከጠባያቸው ሳይሆን ከደመወዛቸው ይገኛል። ከገንዘቡ ይልቅ ትልቁ ክፍያ የጌታ ፊት ነበር፤ የተለበሰ ልብስ፣ ከገበታ የተረፈ ወጥ፣ ለበዓል መሄጃ ፈቃድ ሁሉ በፊት የሚገኝ ነው። ፊት ደግሞ ለሁሉም አይበቃም። ወጥ ቤቷ ቅቤው ጎደለ ብላ ዘበኛውን ትከስሳለች፤ ዘበኛው ሞግዚቷ በማታ ከማን ጋር እንደቆመች ያወራል፤ ሞግዚቷ የወጥ ቤቷን ቁልፍ ትጠቁማለች። እመቤቲቱ ከወንበራቸው ተቀምጠው ይዳኛሉ፤ ምስክር ሁሉ ከተሰማ በኋላ ቅቤውን የቤቱ ልጅ እንደበላው ይታወቃል። የተለመደው የጓዳ ችሎት እንዲህ ነው። የሚያስቀው ዳኛዋ ራሳቸው ባለ ጉዳይ መሆናቸው ነው፤ የሚያሳዝነውም እርሱ ነው።

የመጀመሪያው የአማርኛ ቲያትር የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በ1913 ዓ.ም. ገደማ በተራስ ሆቴል ሲታይ ሹማምንቱን የተቸው በእንስሳት አፍ ነበር። ሰው ሊናገረው የማይደፍረውን አውሬ ተናገረው፤ ቤተ መንግሥቱም ነገሩ ገብቶት ተቈጣ። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ ከነጻነት በኋላም ፒያሳ አጠገብ ያለው መድረኩ የከተማውን ሕዝብ ከቲያትር ጋር አላመደ። የአውሬው ሥራ ውሎ አድሮ ወደ አሽከሩ ተላለፈ፤ እርሱም እንደ አውሬው ከቁም ነገር የማይቈጠር ስለሆነ እውነቱን ቢናገር እንደ ቀልድ ይታለፍለታል።

ይህን ጥበብ በሚገባ ያወቀ ፈረንሳዊው ሞሊየር ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1950ዎቹ «ታርቲዩፍ»ንና «የፌዝ ዶክተር»ን ወደ አማርኛ ሲመልስ ከሩቅ አገር እንግዳ አላመጣም፤ የአዲስ አበባ ተመልካች እነዚያን ሰዎች ከቤቱ ያውቃቸዋል። «ታርቲዩፍ» ውስጥ በሐሰተኛው መናኝ የታወረውን ጌታ ፊት ለፊት የምትሞግተው አገልጋይቱ ዶሪን ናት። ጌታው በጥፊ ሊላት እጁን ባነሣ ቁጥር ዝም ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ ትቀጥላለች። በሁለተኛው ተውኔት ሁለት አሽከሮች ለጌታቸው ሐኪም ሲፈልጉ እንጨት ፈላጭ ያገኛሉ፤ ሐኪም ነኝ እስኪል ድረስም በዱላ ያሳምኑታል። ያመጡት ሐኪም መልሶ የአንዱን አሽከር ሚስት፣ የቤቱን ሞግዚት፣ መከጀል ይጀምራል። ከሁሉ የሚያስቀው ግን ሞግዚቷ የጌታዋ ልጅ የሚያስፈልጋት መድኃኒት ሳይሆን ባል ነው ብላ ስትከራከር ነው። ባሏ ለጌታው ተቈርቍሮ «ዝም በይ» ይላታል፤ እየተናገረም በየቃሉ የሚደልቀው የጌታውን ደረት ነው። ታማኝነትና ቂም በአንድ እጅ ሲመቱ ከዚህ የበለጠ ማሳየት ያስቸግራል። ሆኖም በሞሊየር ዘንድ ጋብቻው የጌቶች ነው፤ መጋረጃው ሲወርድ አገልጋዩ ወደ ማድ ቤቱ ይመለሳል።

መንግሥቱ ለማ በ«ያላቻ ጋብቻ» ይህን መጨረሻ ገለበጠው። የተማረው የባላባት ልጅ የቤት ሠራተኛውን ያገባል። «አቻ» አጥንት ከሚቈጠርበት ከጋብቻ ሽምግልና የተወሰደ ቃል ነው፤ ደራሲው ቃሉን ርእስ አድርጎ ቈጣሪዎቹን ራሳቸውን መሣቂያ አደረጋቸው። ግቢውን ተሻግራ ሳሎን የገባችው ሠራተኛ ሳትሆን አጥንት የሚቈጥሩት ዘመዶች ናቸው የሚያስቁት። ይህ በአማርኛ ኮሜዲ ታሪክ ትልቅ እርምጃ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ «ገረድ» እና «አሽከር» የሚሉት ቃላት አሳፋሪ ሆኑ። በመድረክም ሠራተኛው ከሳሽ ሆኖ ብዙ ጊዜ በቍጣ ተናገረ። ፍትሕ ነበረ፤ ነገር ግን የዶሪን ዓይነት ተንኮለኛ ምላስ ጠፋው፤ ቅዱስ የሆነ አሽከር ደግሞ አያስቅም። በዚያ ላይ የከተማው ሰው ሠራተኛ መቅጠሩን አልተወም።

ሕጉ ከመድረኩ ኋላ ሲያዘግም ኖሯል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአሠሪው ቤት ለሚኖር ሠራተኛ ማደሪያ፣ ዕረፍትና ጤና አሠሪው እንዲጠነቀቅ ያዝዛል። የ1985 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ግን ትርፍ የማይፈለግበትን የግል አገልግሎት ከወሰኑ ውጭ አደረገ፤ ቁጥር 1156/2011 የሆነው አዋጅም እንዲሁ አድርጎ ነገሩን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተወው። በፋብሪካ የምትሠራው ሴት የሥራ ሰዓቷ በአዋጅ ተወስኖላታል። በቤት የምትሠራዋ ግን ቅቤ በጎደለ ቀን የምትቀርበው እዚያው ሳሎን፣ ከእመቤቲቱ ወንበር ፊት ነው።