በጥንት የአውሮፓ ግንቦች ስለ ነበረው የመጸዳጃ ቤት ታሪክ

የአውሮፓ መካከለኛው ዘመን ታሪክ በትምህርት ቤት ሲነገር የግንቡ ቁመት፣ የጦሩ ብዛትና የመሳፍንቱ ክብር ይዘረዘራል፤ በዚያ ግንብ ውስጥ የኖረው ሰው ዓይነ ምድሩን ወዴት ይጥል እንደ ነበር ግን ጠያቂው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሕዝብ ጤና ለሚያስተምር ሰው ብዙ ቁም ነገር የሚገኘው ከዚሁ ላይ ነው።

የዚያ ዘመን መጸዳጃ በወፍራሙ የግንብ ግድግዳ ውስጥ የተሠራ ጠባብ ክፍል ነበር። መቀመጫው ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ወይም ሳንቃ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው አሸንዳ ቆሻሻውን ወደ ጉድጓድ ወይም ግንቡን ወደ ከበበው ጥልቅ ቦይ ያወርደው ነበር። በሰሜን እንግሊዝ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ14ኛው መቶ ዓመት በተሠራው የላንግሊ ግንብ በሦስት ፎቅ፣ በየፎቁ አራት አራት፣ በጠቅላላው 12 መቀመጫዎች ነበሩ። ዛሬ በፖላንድ አገር በሚገኘው የክቪድዚን ግንብ ደግሞ መጸዳጃው ከዋናው ሕንጻ ርቆ በቆመ ማማ ላይ ተሠርቶ፣ ከ50 ሜትር በላይ በሚረዝም ድልድይ ይደረስበት ነበር።

ብልሃቱ የሚደነቅ ነው፤ ዳሩ ግን ቆሻሻውን ከዓይንና ከአፍንጫ አራቀው እንጂ አላጠፋውም። ጠላትን ለመከላከል የተቆፈረው ቦይ የእድፍ ማከማቻ ሆነ፤ ጉድጓዱም ሲሞላ ስሙ በታሪክ ያልተጻፈ ሠራተኛ ገብቶ ይጠርገው ነበር። የተሰወረው ነገር የሚያስከትለው አደጋ በግንብ ብቻ አልተወሰነም። በ1184 በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ ንጉሥ ሄንሪክ 6ኛ በተገኙበት ጉባኤ የሕንጻው ወለል ተደርምሶ 60 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከሥር በነበረው የመጸዳጃ ጉድጓድ የሰጠሙ ናቸው።

ከብዙ ዘመን በኋላ በ1596 እንግሊዛዊው ሰር ጆን ሃሪንግተን በውኃ የሚታጠብ መጸዳጃ አሠራር በመጽሐፍ ገለጡ። ሽታው ወደ ቤት እንዳይመለስ ውኃ የሚቋጥረውን ቆልማማ ቧንቧ ግን አሌክሳንደር ከሚንግ በስማቸው ያስመዘገቡት በ1775 ነው። በዚህም ሽታው ተገታ፤ በሽታው ግን አልተገታም። ዶክተር ጆን ስኖው በ1854 በሎንዶን ኮሌራ በተበከለ የመጠጥ ውኃ እንደሚተላለፍ ማስረጃ ባቀረቡ ጊዜ እንኳ፣ ብዙ ሊቃውንት በሽታን የሚያመጣው መጥፎ ሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

እንግዲህ አዲስ የትምህርት ቤት ሕንጻ ሲታቀድ የክፍሎቹን ቍጥር ብቻ ሳይሆን፣ መጸዳጃው ከመጠጥ ውኃው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ተማሪው እጁን የሚታጠብበት ውኃ መኖሩን፣ ጉድጓዱም ሲሞላ ማን እንደሚጠርገውና ወዴት እንደሚወስደው አስቀድሞ መጠየቅ የመምህሩም የሹሙም ግዴታ ነው።