አሴቲልኮሊንን የሚተኩ መድኃኒቶች በሰውነት ውስጥ የሚሠሩበት መንገድ

አሴቲልኮሊን ነርቮች ለጡንቻ፣ ለልብና ለዕጢዎች ትእዛዝ ከሚያስተላልፉባቸው ኬሚካሎች አንዱ ነው። ኦቶ ሎዊ የተባሉት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1921 ነርቩ ከተነቃቃ የእንቁራሪት ልብ የተወሰደ ፈሳሽ የሌላውን እንቁራሪት ልብ ምት እንደሚያዘገይ በሙከራ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1936 ከእንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ኬሚካሉ ራሱ ግን ኮሊንኢስተሬዝ የተባለው ኢንዛይም በቅጽበት ስለሚሰባብረው ለመድኃኒትነት እምብዛም አይመችም። በመሆኑም ከተቀባዮቹ ጋር የሚገጥሙ፣ ነገር ግን ቶሎ የማይፈርሱ መድኃኒቶች በሥራ ላይ ውለዋል።

ተቀባዮቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ኒኮቲኒክ የተባሉት ስማቸውን ከትምባሆው ኒኮቲን ያገኙ ሲሆን በአጥንት ጡንቻዎችና በነርቭ መገናኛዎች ላይ ይገኛሉ። ሙስካሪኒክ የተባሉት ደግሞ አምስት ዓይነት ናቸው። ሁለተኛው የልብን ምት ሲያዘገይ ሦስተኛው ዕጢዎችን ያመነጫል፤ የዓይንንና የአየር ቧንቧን ጡንቻዎችም ያኮማትራል።

ፓይሎካርፒን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 ጃቦራንዲ ከተባለው የደቡብ አሜሪካ ተክል ቅጠል ተለይቶ የተገኘው ይህ መድኃኒት፣ በጠብታ መልክ ለግላኮማ ሕመም ይሰጣል። በዓይን ውስጥ ያለውን ጡንቻ በማኮማተር የፈሳሹን መውጫ ስለሚከፍት የዓይን ግፊት ይቀንሳል፤ ብሌኑም ይጠባል። ይሁን እንጂ ያው ተቀባይ በሳንባም ስላለ፣ መድኃኒቱ እዚያ ከደረሰ የአየር ቧንቧን ያጠባል። ጠብታ ነውና ጉዳት የለውም የሚለው አስተሳሰብ የተሳሳተ ነው። ፈሳሹ በእንባ መውረጃ በኩል ወደ አፍንጫ ወርዶ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ስለሆነም አስም ወይም የልብ ምት መዘግየት ያለበት ሕመምተኛ ይህንኑ አስቀድሞ ለሐኪሙ ማሳወቅ ይገባዋል። ጠብታው እንደገባ የዓይንን ውስጠኛ ማዕዘን ለአንድና ለሁለት ደቂቃ በጣት ተጭኖ መያዝም ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሳል። ብዙ ላብ፣ የምራቅ መብዛት፣ የልብ ምት መዘግየትና የትንፋሽ ማጠር የመድኃኒቱ መጠን ከልክ ማለፉን ያመለክታሉ። ሐኪሞች በዚህ ጊዜ ሙስካሪኒክ ተቀባዮችን የሚዘጋውን አትሮፒን ይጠቀማሉ።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንት ለቋጠረባቸው የሚሰጠው ቤታኔኮልም የሚሠራው በነዚሁ ተቀባዮች ላይ ነው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ለስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን የፈቀደው መድኃኒት ሁለት ነገሮችን ያጣመረ ነው። ዛኖሜሊን በአንጎል ያሉትን አንደኛውንና አራተኛውን ሙስካሪኒክ ተቀባዮች ሲያነቃቃ፣ ወደ አንጎል እምብዛም የማይገባው ትሮስፒየም በሌላው የሰውነት ክፍል የሚደርሰውን የጎንዮሽ ጉዳት ይቀንሳል።