ስለ አይሮፕላን ነጂዎች ጤና አጠባበቅ

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አይሮፕላን ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ለመሄድ ተነሣ። ከመሬት በሚለቅበት ጊዜ የርግብ መንጋ ገጠመውና ወፎቹ ወደ ሞተሮቹ ገቡ። ነጂዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲያዞሩ የሞተሮቹ ኃይል ስለ ጠፋ፣ ጎማው ሳይወርድ ሜዳ ላይ ለማሳረፍ ተገደዱ፤ እሳትም ተነሣ። ከ104ቱ ሰዎች 35 ተሳፋሪዎች ሞቱ፤ ስድስቱ የአይሮፕላኑ ሠራተኞች ግን በሕይወት ተረፉ።

ይህን የምናነሣው ስለ ርግቦቹ ለመናገር አይደለም። በእንዲህ ያለች አጭር ጊዜ ነጂው የሚያየው በገዛ ዓይኑ፣ የሚወስነውም በገዛ ልቡናው ስለ ሆነ፣ የእርሱ ጤና የተሳፋሪው ሁሉ ጉዳይ መሆኑን ለማስታወስ ነው እንጂ።

ዓለም ይህን የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። በ1867 ዓ.ም. ሦስት ፈረንሳውያን ዜኒት በተባለ ባሉን ከ8,000 ሜትር በላይ ወጡ፤ ክሮቼ ስፒኔሊና ሲቬል ሞቱ፣ ቲሳንዲዬ ብቻ ተረፈ። የሚያስደንቀው፣ አየሩ ሲሳሳ ለእርሱ የተሰማው ሕመም ሳይሆን ደስታ መሆኑ ነው። (ዛሬ በ10,000 ሜትር ከፍታ የሚጓዝ ተሳፋሪ፣ አየር ተጨምቆ ስለሚሰጠው፣ የሚተነፍሰው ከአዲስ አበባው አየር ብዙ አይለይም። 1,800 ሜትር ላይ የሚኖረው የጣና ዳር ሰው ከዚያ የወፈረ አየር ለምዷል።)

በ1940 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነጂዎች ፈቃድ የሚያገኙበትን ደንብ ሲያወጣ የጤና ምርመራንም አብሮ ደነገገ። የመንገደኛ አይሮፕላን ነጂ በየዓመቱ፣ 60 ዓመት ሲሞላው በየስድስት ወሩ፣ ዓይኑ፣ ጆሮውና ልቡ ይመረመራል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል፤ መርማሪው ሐኪም ፈዋሽም ዳኛም ነው። ሕመሙን የተናገረ ነጂ እንጀራውን ሊያጣ ይችላል። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. አንድ ጀርመናዊ ረዳት ነጂ የአእምሮ ሕመሙን ከአሠሪው ሰውሮ ሲበር አይሮፕላኑን ሆን ብሎ ከፈረንሳይ ተራራ ጋር አጋጨው፤ እርሱን ጨምሮ 150 ሰው ጠፋ። በባሕር ዳር እንደ ደረሰው ካለ አደጋ የወጣ ሠራተኛም፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣ፣ ልናገር ወይስ ልደብቅ ማለቱ አይቀርም። በአውሮፓ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አየር መንገዶች፣ ነጂው ጭንቀቱን በቅድሚያ ለሥራ ባልደረባው በምስጢር የሚያዋይበትን መንገድ እንዲያበጁ ታዝዘዋል።