ኻሊድ በቢላል ፊት

ስለ ትሕትና ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን ለድሃ ሰላምታ የሚያቀርብ ባለሥልጣን ወይም ከአገልጋዩ ጋር ከአንድ ማዕድ የሚቆርስ ባለጸጋ ነው። መልካም ነው። ነገር ግን ወንበር ላይ ሆኖ ዝቅ ማለት ያን ያህል አይከብድም፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ሰው ያመሰግነዋልና። የሚከብደው ወንበሩ የተወሰደ ዕለት ነው። እስቲ ወደ ሻም ምድር፣ ወደ 17ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 638) አብረን እንመለስ።

ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ያን ጊዜ ማን እንደነበር አስብ። ከቁረይሽ ታላላቅ ጎሳዎች አንዱ ከሆነው ከበኑ መኽዙም የተወለደ፣ በሙእታ ዘመቻ ዘጠኝ ሰይፎች በእጁ ላይ የተሰበሩ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «የአላህ ሰይፍ» ብለው የሰየሙት ጀግና ነው። ዑመር (ረ.ዐ) በ13ኛው ዓመተ ሂጅራ ኺላፋውን እንደያዘ ከሻም ጦር የበላይ አዛዥነት አንስቶ በቦታው አቡ ዑበይዳን (ረ.ዐ) ሲሾም፣ ኻሊድ በአዲሱ አዛዥ ሥር ሆኖ መዋጋቱን ቀጠለ። አቡ ዑበይዳም ሹመቱን ፊት ለፊት ለመንገር አፍሮ ደብዳቤውን ደብቆ ቆይቷል ይባላል። የሁለቱም ጨዋነት ያስቀናል!

ሁለተኛው ፈተና ግን ከዚህ የመረረ ነበር። ኻሊድ ለአል-አሽዐስ 10,000 ዲርሃም መስጠቱን ዑመር ሰማ። ገንዘቡ ከምርኮ ከሆነ ክህደት ነው፤ ከራሱ ከሆነ ደግሞ ብክነት ነው፤ በሁለቱም ይነሳ ሲል አዘዘ። ጦበሪ እንደዘገበው ሕዝቡ ተሰበሰበ፤ አቡ ዑበይዳ ሚንበር ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ያኔ ቢላል (ረ.ዐ) ተነሳ። አዎን፣ የእኛው ሐበሻ ቢላል፣ ትናንት መካ ላይ በባርነት በትኩስ አሸዋ ላይ የተጎተተው! የኻሊድን ቆብ አውልቆ፣ በራሱ ጥምጥም አስሮ፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ጠየቀው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በል። ሠራዊቱ የሚወደው፣ የመኽዙም ልጅ የሆነ አዛዥ፣ በባርነት በኖረ ሰው እጅ በአደባባይ ታስሮ ቆሟል። እጁን አልነጠቀም። ከራሴ ገንዘብ ነው ብሎ መለሰ። ቢላልም ፈታው፤ ቆቡን መልሶ ጥምጥሙን በገዛ እጁ ጠመጠመለት።

ኻሊድ አልተጎዳም አልልህም። መዲና ደርሶ ቅሬታውን ለዑመር በግልጽ ተናግሯል። ትሕትና ሕመም አለመሰማት አይደለም መሰለኝ። ጦር ግን አላነሳም፤ ደጋፊም አላሰባሰበም። እኛ ዘንድ ከመስጊድ ኮሚቴ የወረደ ሰው ዳግመኛ እዚያ መስጊድ ለመስገድ የሚያኮርፍበትን ጊዜ አስታውስ! ዑመርም በበኩሉ ለየአገሩ ጻፈ፤ ኻሊድን ያነሳው ተቆጥቶ ወይም ክህደት አግኝቶበት ሳይሆን ሕዝቡ በእርሱ ስለተማረከና ድሉን ከአላህ ሳይሆን ከእርሱ እንዳይጠብቅ ስለፈራ መሆኑን አሳወቀ። የሰውየውን ስም ሳይጠብቅለት አላለፈም።

ኻሊድ በ21ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 642) በጦር ሜዳ ሳይሆን በፍራሹ ላይ ሞተ። ብዙ ዘጋቢዎች መቃብሩ ሒምስ ነው ይላሉ። የተወው ንብረት ፈረሱ፣ የጦር መሣሪያውና አንድ አገልጋይ ብቻ እንደነበር፣ ኑዛዜውን እንዲያስፈጽም አደራ የሰጠውም ለዑመር እንደነበር ተዘግቧል።